የበርሜል ዋጋ ኮልፌ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

የኢትዮጵያ ጤፍ ለዓለም ገበያ እምብዛም አይቀርብም። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ መንግሥት ካገደ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በአውሮፕላን የሚወጣው የተጋገረው እንጀራ ነው። ለንደንም ሆነ ቺካጎ ላይ የጤፍ ዋጋ የሚቆረጥበት ሰሌዳ የለም። ሆኖም ብሬንት የተባለው የሰሜን ባሕር ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋው በተሰቀለ ሰሞን አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሩብ ኩንታል ጤፍ ሊገዛ የወጣ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ነዳጅ ጨመረ እኮ!» ድንች የምትመዝነው፣ ከሰል የምትቸረችረው፣ ቆርቆሮ የሚሸጠው ሁሉ ይህንኑ ይላል። ነጋዴው ይዋሻል ማለት አይደለም። ግን የነዳጁ ዋጋ በየት በኩል ዞሮ ጤፉ ጆንያ ውስጥ እንደሚገባ የሚጠይቀው የለም።

ክፍለ ከተማው ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። በደቡብ ጎኑ የጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል ይገባል፤ የቱሉ ቦሎንና የበቾን ሜዳ ጤፍ፣ ሽንብራና ጓያ ይዞ በሰበታና በዓለም ገና በኩል። በሰሜን ደግሞ የአምቦ መንገድ በአስኮ በኩል የሆለታንና የጊንጪን ድንች ያመጣል። በሁለቱ መንገዶች መካከል አጠና ተራ፣ እፎይታ፣ ሉካንዳና ሌሎችም የገበያ ሰፈሮች አሉ። ከሰፈሮቹ አንዱ ስሙን የወረሰው ከነዳጅ ማደያ ነው፤ ታክሲ ውስጥ «ቶታል ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ ቤንዚን ትዝም አይለው።

ከመኪና በፊት በእነዚህ መንገዶች እህል የሚገባው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነበር። ያን ጊዜ የጭነት ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በሣርና በጭቃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ እህል ይወደዳል። አህያዋ ዛሬም ከኮልፌ አልጠፋችም። ዛሬ የምትሠራው ግን መኪናው ካራገፈበት እስከ ሸማቹ ደጅ ያለውን ጥቂት መንገድ ነው።

የነዳጅና የእህል ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የካቲት 1966 ነው። መስከረም 26 ቀን በዚያው ዓመት ግብፅና ሶሪያ ከእስራኤል ጋር ጦርነት ገጠሙ፤ በጥቅምት የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ የፈረንጆች ዓመት ሲለወጥ በበርሜል 3 ዶላር ገደማ የነበረው ድፍድፍ 12 ዶላር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ኢትዮጵያ በዚያው ጥቅምት ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች፤ ዋጋ የቀነሰላት ግን አልነበረም። አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረ ማጣሪያ ነበራት። ማጣሪያ ቢኖርም የሚጣራው ድፍድፍ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው።

መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሰቀለ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ዕለት መምህራንም የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው ከሥራ ቀሩ። ተማሪው ከሁለቱም ጋር አደባባይ ወጣ፤ የአንበሳ አውቶቡስ መስታወት ረገፈ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ጭማሪ እንዲቀነስ፣ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይም የዋጋ ቁጥጥር እንዲደረግ አወጁ። አራት ቀን ቆይቶ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ራሳቸው ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ከዚያ ወዲህ አራት ኪሎ የገባ ሁሉ ቤንዚንን እንደ ተራ ሸቀጥ አይቶት አያውቅም። በደርግም፣ በኢሕአዴግም፣ ከዚያም በኋላ የማደያው ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ነው፤ መንግሥትም በተቻለ መጠን ሲያዘገየው ኖሯል። ምክንያቱ የታክሲዎቹ አድማ ነው ብሎ በጽሑፍ ያሰፈረ ባለሥልጣን አላየሁም። ማንም ግን አልረሳውም።

በእኔ ግምት ግን የዚያን ዓመት ጉዳይ በታክሲ ነጂዎቹ ብቻ መተረክ ግማሹን መተው ነው። ከእነሱ አንድ ወር አስቀድሞ፣ ጥር 4 ቀን፣ ነገሌ ቦረና ያለው ጦር አምፆ ነበር፤ የወታደሩ አቤቱታ ምግብና ውኃ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በኋላ ስለዚያ ረሃብ ሲጽፍ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር አሳየ፦ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ ናፍጣው አለ። የወሎ ገበሬ ግን ሰብሉና ከብቱ ስላለቀ መግዣ የለውም፤ መኪናው ወደ ገንዘቡ ሄደ። የጭነት መኪና ለከተማ ሰው እህል የሚያቀርበውን ያህል ከሌላው ሰው አፍ ሊወስድም ይችላል። የማጓጓዣ ዋጋ ብቻውን ረሃብንም ጥጋብንም አያስረዳም።

ደርግ ችግሩን በሌላ መንገድ ያዘው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ገበሬው በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን አስረከበ፤ የከተማው ሰው በቀበሌ ሱቅ በኩል በካርድ ሸመተ። የግል ነጋዴ እህል ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳያሻግር መንገዱ ኬላ በኬላ ሆነ። በ1971 የኢራን አብዮት ፈንድቶ ድፍድፍ ከ30 ዶላር በላይ ሲዘል አዲስ አበባ ላይ ጭማሪው እንደ የካቲት 66 አልፈነዳም። ሶቪየት ኅብረት ድፍድፉን በቅናሽ ዋጋ ታቀርብ ነበር፤ የቀረውን በቡና ሽያጭ ከተገኘው የውጭ ምንዛሪ ላይ መክፈል ግድ ነበር። ሰው የከፈለው በወረፋ ነው። የነጭ ጋዝ ወረፋ፣ የስኳር ወረፋ፣ የጤፍ ወረፋ። የካቲት 26 ቀን 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ኬላዎቹ ተነሡ፤ እህል በነፃ መንቀሳቀስ ጀመረ። አብዛኛው ሰው ያን ሰሞን የሚያስታውሰው በፖለቲካው ነው፤ ለአየር ጤናና ለእህል በረንዳ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ አልመጣም እላለሁ።

የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ተዘጋ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ ወደቡም ቀረ፤ ቤንዚንና ናፍጣው ተጣርቶ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች እየተገዛ ከጅቡቲ በቦቴ መመላለስ ያዘ። በ1993 የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዓለም ላይ ሲረክስ ከሸማቹ ትንሽ ጨምሮ መያዝ፣ ሲወደድ ከተያዘው መደጎም። ችግሩ ዓለም ላይ የተወደደበት ጊዜ በዛ፤ ፈንዱ ከቁጠባ ሣጥንነት ወደ ዕዳ መዝገብነት ተለወጠ።

የፈንዱ ነገር በደንብ የታየው በ2000 እና በ2001 ነው። ሐምሌ 2000 ላይ በርሜል 147 ዶላር ደረሰ፤ በታሪክ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ዓመት ከካይሮ እስከ ፖርቶ ፕሪንስ ሰው ስለ ዳቦና ስለ ሩዝ ተሰለፈ። አሜሪካ በቆሎዋን እያብላላች ኤታኖል ማድረጓ የነዳጅንና የእህልን ገበያ አጣብቆት ስለ ነበር ቤንዚን ሲወደድ በቆሎም አብሮ ይወደድ ጀመር። በአገር ደረጃ አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ አለፈ። መንግሥት እህል ላይ የሚከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አነሣ፤ ስንዴ ከውጭ ገዝቶ ለድሃው በቀበሌ በኩል በቅናሽ ሸጠ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የማደያው ዋጋ ተደጉሞ ተይዞ ነበር። ድጎማው በተነሣበት በመስከረም መጨረሻ 2001 ደግሞ ዓለም ላይ ድፍድፍ ቁልቁል እየተንከባለለ ነበር። እኛ ጋ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ክፉኛ ጨመሩ። ነጭ ጋዝ የድሃ ምድጃ ነው፤ ኮልፌ ጓሮ ውስጥ በቡታጋዝ የሚያበስለው ቤት ሁሉ ወደ ከሰል ዞረ፤ ከሰሉም ተከትሎ ወጣ። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሚጋገር ተረፈ እንጂ ወጡ አልተረፈም።

ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄዬ የሚመጣው። ማደያው ላይ ዋጋው ተይዞ ሳለ እህሉ እንዲያ ከወጣ፣ የናፍጣ ድርሻ ስንት ነው?

ሒሳቡን እንሥራው። 50 ኩንታል ጤፍ የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ከቱሉ ቦሎ ይነሣ እንበል። ቱሉ ቦሎ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 160። በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቢፈጅ 32 ሊትር ናፍጣ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 በወጣው ዋጋ ናፍጣ በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር፤ ጉዞው በሙሉ 3,167 ብር ነዳጅ ጠጣ ማለት ነው። ለ50 ሲካፈል በኩንታል 63 ብር ይወጣል። በኪሎ 63 ሳንቲም። ኩንታሉ 12,000 ብር ቢሸጥ ናፍጣው የዚያ ግማሽ በመቶ ነው። መኪናው ከደብረ ማርቆስ ቢነሣ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ነውና በኪሎ 2 ብር ከ38 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል፤ ያም ሁለት በመቶ። ጎማውን፣ መለዋወጫውን፣ የሾፌሩን አበልና የጫኝና አውራጁን ጨምሩበት፤ አሁንም «ነዳጅ ጨመረ» ተብሎ በኪሎ አሥርና ሃያ ብር የሚጨመርበት ምክንያት አይገኝም።

ድንች ግን ሌላ ነው። 50 ኩንታል ድንችም ከጊንጪ ሲመጣ ያንኑ ያህል ሊትር ይጠጣል፤ ዋጋው ግን የጤፉን አንድ አምስተኛ ቢሆን ናፍጣው በኪሎ ዋጋው ላይ የሚኖረው ድርሻ አምስት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ጎመን ይጠወልጋል፤ ቲማቲም ይፈርጣል፤ መኪና ቤንዚን ወይም ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ላይ ቢያድር ኪሣራው ከነዳጁ ይበልጣል። የፒያሳው አትክልት ተራ በኮቪድ ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ የኮልፌዋ ቸርቻሪ መንገዷ ረዝሟል። ገና ሳይነጋ ከሌሎች ሁለትና ሦስት ሴቶች ጋር ተዳብላ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ትከራያለች፤ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፣ አንድ ሣጥን ቲማቲም፣ ጥቂት ቃሪያ። ያ ኪራይ የሚካፈለው ለሃምሳ ኩንታል ሳይሆን ለሦስትና ለአራት ነው። ስለዚህ ጉሊት ላይ ያለችው ሴት «ነዳጅ ነው» ስትል ከእህል ነጋዴው ይልቅ እሷ እውነት አላት። የሚገርመው ሸማቹ ብዙ የሚከራከረው ከእሷ ጋር ነው።

ነዳጅ ጤፍ ውስጥ የሚገባበት ትልቁ በር ከመንገዱ ይልቅ ማሳው ነው። ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጋዝ ሲወደድ ዩሪያ ይወደዳል። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ሁሉ ከውጭ ታስገባለች። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት በ2014 የገበሬው የማዳበሪያ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ለአንድ ሄክታር ጤፍ አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ እና አንድ ኩንታል ዩሪያ ቢያስፈልግ፣ በእያንዳንዱ ላይ 2,000 ብር ቢጨመር፣ ሄክታሩም 18 ኩንታል ቢሰጥ፣ በጤፉ ኩንታል ላይ 222 ብር ይመጣል። ከቱሉ ቦሎው ናፍጣ ሦስት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ ደግሞ ቀጠሮ አለው፦ ሰኔ የተከፈለው ጤፍ ላይ የሚታየው ታኅሣሥና ጥር ነው። የማደያው ወሬ ከጋዜጣ በጠፋበት ሰዓት ጤፉ ይወጣል፤ ሰው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በ2015 ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ ገበሬዎች ለአቤቱታ አደባባይ ወጥተዋል። ለእነሱ ዋጋው ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

የምግብ ዘይት ደግሞ ከሁሉም ቀጥተኛው ነው። የምንጠብስበት ፓልም ከእስያ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ከፓልም ናፍጣም ይሠራል፤ ድፍድፍ ሲወደድ መጥበሻውና ሞተሩ ለአንድ በርሜል ይሻማሉ። በ2014 መጋቢት አዲስ አበባ ላይ 5 ሊትር ዘይት 1,000 ብር ሲያልፍ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ኢንዶኔዥያ ፓልም እንዳይወጣ ስታግድ፣ የኮልፌ ሱቆች ዘይት በመልክና በትውውቅ መሸጥ ጀምረው ነበር። አገሩ ራሱ ይህን ሽሚያ በትንሹ ሞክሮታል፦ ከ2001 ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተገኘ ኤታኖል ሱሉልታ ላይ ቤንዚን ውስጥ እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ማደያዎች ተሽጧል። ሞላሰስ ተረፈ ምርት ነውና እንደ በቆሎው ምግብ አልነጠቀም።

የዓለም ነዳጅ ሳይወደድ ጤፉ ብቻውን የወጣበት ጊዜም አለ። በ2015 ከጥር እስከ መጋቢት አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ኩንታል ከ10,000 ብር አልፎ ሰው ጉድ አለ። ያን ሰሞን ዓለም ላይ ድፍድፍ ከቀደመው ክረምት ይልቅ ርካሽ ነበር። ጤፍ የጫኑ መኪኖች ወደ ከተማው መግቢያ ላይ እየታገዱ መቆማቸው ነበር የሚወራው። ከሰላሳ ዓመት በፊት ተነሥቷል የተባለው ኬላ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ። ሊትሩ ባይጨምርም ቆሞ የሚያድር መኪና ዋጋ አለው።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ዲክ ዱሬቫል፣ ጆሴፍ ሎኒንግና ዮሐንስ አያሌው ብሩ የኢትዮጵያን የዋጋ ንረት መርምረው የደረሱበት ነገር ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሰሪያ ይመስለኛል። የአገር ውስጥ የምግብ ዋጋ በረጅም ጊዜ የሚከተለው የዓለምን የምግብ ዋጋ ነው፤ ያውም በብር ተመንዝሮ። ዝናብና ምርት ከመስመሩ ያወጡታል፤ ቆይቶ ግን ይመለሳል። ጤፍ ድንበር ባይሻገርም ስንዴ ይሻገራል፤ ስንዴ ሲወደድ ሰው ወደ ጤፍና ወደ በቆሎ ይዞራል።

«በብር ተመንዝሮ» የምትለዋ ነገር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰኔ 29 ቀን 2014 መንግሥት የታለመ ድጎማ ያለውን ሥርዓት ሲጀምር ቤንዚን 47 ብር ከ83፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ብቻ ልዩነቱ እንዲካካስለት ተደረገ። ያን ሳምንት በርሜል 100 ዶላር ገደማ፣ ዶላር በባንክ 52 ብር ነበር፤ በርሜሉ 5,200 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ተለቀቀ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሲገባ በርሜል ዓለም ላይ ወደ 76 ዶላር ወርዶ ነበር፤ ዶላሩ ግን 125 ብር ገደማ ሆኖ ስለ ነበር በርሜሉ 9,500 ብር መጣ። በዶላር በሩብ ያህል ረከሰ፤ በብር ከሰማንያ በመቶ በላይ ተወደደ። በዚህ ላይ የቀድሞው የፈንድ ዕዳ ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኖ ከፋይ ይጠብቅ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 2012 አሜሪካ ውስጥ የበርሜል ዋጋ ከዜሮ በታች በወረደበት ዕለት ቶታልና አየር ጤና ያሉ ማደያዎች ሰሌዳቸውን ያልነኩትም በከፊል ያኔ በነበረው የፈንዱ ዕዳ የተነሣ ይመስለኛል። ሲወደድ የታገሠ ፈንድ ሲረክስ ይሰበስባል።

ስለዚህ ድጎማ ሸማቹን ከነዳጅ ዋጋ አዳነው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ድጎማው ታክሲውን ለጥቂት ወራት አሳርፏል፤ ከየካቲት 66 በኋላ ለመንግሥትም ያ ትልቅ ነገር ነው። ሒሳቡ ግን በማዳበሪያው፣ በምንዛሪው፣ በመለዋወጫውና በስንዴው በኩል ዞሮ ኮልፌ ገብቷል፤ ደረሰኙ ላይ ግን ነዳጅ የሚል አልተጻፈበትም።

ነሐሴ 2017 ላይ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል ተብሏል፤ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ ይመጣል። ጋዙ የራሳችን ይሆናል። ፋብሪካው ሲጠናቀቅ የበቾ ገበሬ ዩሪያውን የሚገዛው ጋዙን ለማውጣት በተከፈለው ወጪ ልክ ነው፣ ወይስ ያው ዩሪያ ሞምባሳ ላይ ቢሸጥ በሚያወጣው ዶላር? የጤፉ ዋጋ ላይ የሚመጣው ለውጥ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።